ብቻዬን ኮሩር ወርጄ ሁለት ተራራ ብዞር ማጡ ይውጠኛል?

ጥያቄ፦ «ያደግሁት መንዝ፣ መሐል ሜዳ ነው። ግላስጎ ከገባሁ ሦስተኛ ዓመቴ ነው፤ አረጋውያንን እንከባከባለሁ። መኪና የለኝም። በጁላይ አንድ የእረፍት ቀን አለኝና በባቡር ሄጄ በስኮትላንድ ተራሮች መሐል ያለው ኮሩር ጣቢያ ወርጄ፣ ካርን ዴርግና ስጎር ጋይብሬ የሚባሉትን ሁለት ተራሮች ብቻዬን ዞሬ ማታ መመለስ እፈልጋለሁ። ሁለቱም 1,000 ሜትር እንኳ አይሞሉም። የሥራ ባልደረቦቼ ግን እዚያ ያለው ማጥ ሰው ይውጣል፣ ብቻሽን እንዳትሞክሪው ይሉኛል። እውነት ነው? እንዴት ልዘጋጅ? ይምከሩኝ።»

እህቴ፣ ሰላም ላንቺ ይሁን። አጭሩ መልስ፦ ማጡ አይውጥሽም። መሄድም ትችያለሽ። እኔን ያሳሰበኝ ማጡ ሳይሆን «1,000 ሜትር እንኳ አይሞሉም» ያልሽው ነው።

ከየት እንደመጣ ይገባኛል። መሐል ሜዳ ከ3,000 ሜትር በላይ ናት። ካርን ዴርግ 941 ሜትር፣ ስጎር ጋይብሬ 955 ሜትር ነው። የስኮትላንድ ትልቁ ተራራ ቤን ኔቪስ ራሱ 1,345 ሜትር ነው። አንቺ በልጅነትሽ ውሃ የቀዳሽበት ምንጭ ከዚህ ሁሉ በእጥፍ ይበልጣል። እኔም ከደብረ ብርሃን መጥቼ መጀመሪያ ያሰብኩት እንዳንቺው ነበር። ዛሬ በዚህ አገር ሰው ተራራ እየመራሁ እኖራለሁ፤ ያን ሐሳብ ለመተው ግን ሁለት ዓመት ፈጅቶብኛል።

እዚህ ከፍታ ብቻውን ብዙ አይነግርሽም። ኮሩር ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 56 ዲግሪን አልፎ ነው ያለው። ነፋሱ ከአትላንቲክ ውሃ ተሸክሞ ይመጣል፤ መጀመሪያ የሚያገኘው እነዚህን ተራሮች ነው። በ1,000 ሜትር ከፍታ ሙቀቱ 6 ዲግሪ ተኩል ገደማ ይቀንሳል። ግላስጎ 17 ዲግሪ ሆኖ በቲሸርት ወጥተሽ፣ ጫፉ ላይ 11 ዲግሪ ይጠብቅሻል። ይሄ ነፋሱን ሳንቆጥር ነው። ቴርሞሜትሩ 5 ዲግሪ እያለ ነፋሱ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ቢሆን፣ ቆዳሽ የሚሰማው ከዜሮ በታች ያለ ብርድ ነው። ካርን ጎርም ጫፍ ላይ በማርች 1986 በሰዓት 278 ኪሎ ሜትር የሚሮጥ ነፋስ ተለክቷል። ያ ተራራ 1,245 ሜትር ነው፤ እንጦጦ አጠገብ ቢቆም ማንም ዞር ብሎ አያየውም ነበር።

የመንዝ ብርድ ደረቅ ነው። ውርጭ ነው፣ ፀሐይ ስትወጣ ይለቅሻል። የዚህ አገሩ ብርድ እርጥብ ነው። ካፊያው ቀኑን ሙሉ ሊያካፋ ይችላል፤ ፀሐይም ላትመጣ ትችላለች።

ሌላው ልዩነት ሰው ነው። ጓሳ ላይ የእውነት ብቻሽን ሆነሽ ታውቂያለሽ? አይመስለኝም። ሰው የለም ብለሽ ስትቀመጪ ከየት እንደመጣ የማይታወቅ እረኛ ብቅ ይላል። የማን ልጅ ነሽ ይልሻል። እግርሽ ቢወለም በቅሎ ይፈለጋል፣ ጎረቤት ይጠራል። ኮሩር ላይ እረኛ የለም። ቀኑን ሙሉ አጋዘን ብቻ አይተሽ ልትመለሺ ትችያለሽ። ከጣቢያው እስከ ቅርቡ የሕዝብ መኪና መንገድ 16 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ሰው የሚገባውም የሚወጣውም በባቡር ነው።

ታዲያ «ብቻሽን አትሂጂ» ከሚሉሽ ጋር ነኝ? አይደለሁም። ቀኑን ሙሉ የሌላ ሰው ሕመም የምትሸከሚ ሰው ነሽ። ማንም ስምሽን የማይጠራበት አንድ ቀን ምን ማለት እንደሆነ አውቃለሁ። ደግሞም ብቻሽን ስትሆኚ መሬቱን ታያለሽ። ከሰው ጋር ስትሄጂ የፊተኛውን ሰው ጀርባ ነው የምታዪው። ብቻ አንድ ነገር አስቢ። ጓደኛ ቢኖርሽ ኖሮ «ከንፈርሽ ጠቆረ» ይልሽ ነበር፣ «ሰዓቱ ሄደ» ይልሽ ነበር፣ ብትወድቂ ሄዶ ሰው ይጠራልሽ ነበር። እነዚህን ቤትሽ ሳለሽ አዘጋጅተሽ መውጣት አለብሽ። ከዚህ በታች የምጽፍልሽ አብዛኛው ስለዚሁ ነው።

መጀመሪያ ግን ማጡን እንጨርስ።

ያ ጥቁር አፈር ፒት ይባላል። ስፋግነም የምትባል ለስላሳ ትንሽ ተክል አለች፤ የክብደቷን እስከ 20 እጥፍ ውሃ ትይዛለች። ስትሞት ውሃው ውስጥ አየር ስለሌለ በደንብ አትበሰብስም። በላይዋ ሌላ ይበቅላል፣ እሱም ይሞታል፣ እንዲህ እየተደራረበ በዓመት 1 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። የመጨረሻው በረዶ ከቀለጠ ከ10,000 ዓመት በላይ ስለሆነው፣ አንዳንዱ ቦታ በብዙ ሜትር ይጠልቃል። ከስኮትላንድ መሬት ከአምስት አንዱ እጅ በላይ ፒት ነው። በሰሜን ጫፍ ያለው ፍሎው ካንትሪ የተባለው ረግረግ በ2024 የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ብዙ ካርቦን አፍኖ የያዘ መሬት ነው። እንደ ጭቃ ብቻ እንዳታዪው ብዬ ነው የምነግርሽ።

ይውጣል ወይ ለሚለው ባቡሩ ራሱ መልስ ይሰጥሻል። ከራኖክ ጣቢያ ወደ ኮሩር ስትሄጂ በመስኮት እዪ። በ1894 ያ መስመር ሲከፈት መሐንዲሶቹ ለሐዲዱ ጠንካራ መሠረት አላገኙም ነበር። ስለዚህ ጭራሮና የዛፍ ሥር አነጠፉ፣ በላዩ ብዙ ሺህ ቶን አፈርና አመድ ደፉበት፣ ሐዲዱን በዚያ ላይ አንሳፈፉት። እስከ ዛሬ ባቡር ይሄድበታል። ክብደትሽን ሰፋ አድርጎ የሚይዝ ነገር ካለ፣ ረግረግ ይሸከማል። ሚስጥሩ ይሄ ነው።

ስለዚያው ሐዲድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ተራራ የማስወጣቸው ሰዎች ሁሉ ከእኔ ይሰሙታል። በጃንዋሪ 1889 ለሐዲዱ ሥራ ሰባት ሰዎች የራኖክን ሜዳ በእግር ሊያቋርጡ ተነሡ። መሐንዲሶችና የሥራ ተቋራጭ ነበሩባቸው፤ የተማሩ፣ የተከበሩ ሰዎች። የለበሱት ከተማ የሚለበሰውን ነው። ጃንጥላ የያዘም ነበረ። ዝናቡና ጨለማው መሐል ላይ ያዛቸው። አንዱ ደከመ፣ ሌላው እርዳታ ፍለጋ ቀድሞ ሄደ፣ ተበታተኑ። እረኞች ደርሰውላቸው ሰባቱም ተረፉ። ከሰባቱ ማጡ የዋጠው አንድም የለም። ሊገድላቸው የነበረው እርጥበት፣ ነፋስና የሰዓት ስሌት ነው። በዚያ ዘመን ደግሞ ሜዳው ላይ እረኛ ነበረ።

አሁን እግርሽ ሥር ያለውን ማንበብ ልንገርሽ። እዚህ ላይ ብዙ እቆያለሁ፤ ምክንያቱም ቀንሽን የሚወስነው ይሄ ነው።

የሎሚ ዓይነት ደማቅ አረንጓዴ፣ ሜዳ መስሎ የተነጠፈ ነገር ካየሽ አትርገጪው። ውሃ ላይ የተኛ ስፋግነም ነው። ከሩቅ ለምለም ጨፌ ይመስላል፤ ደክሞሽ ስታዪው «እዚያ ላይ ልረፍ» ያሰኛል። ቀላ ወይም ወርቃማ ሲሆንም ያው ነው። ነጭ ጥጥ የመሰለ ነገር በቀጭን አገዳ ላይ ሲወዛወዝ ካየሽ ቦታው ረግረግ ነው፤ ጥጡ መሐል አትግቢ፣ በዳር በዳር ሂጂ። ሐምራዊ አበባ ያላት ቁጥቋጦ ሄዘር ትባላለች። የእኛ የአስታ ዘመድ ናት። ሄዘር ጥቅጥቅ ብላ የበቀለችበት ጉብታ ብዙ ጊዜ ይሸከምሻል። ግን ተጠንቀቂ፤ ከአስታ ጋር ጭራሽ አንድ ወገን የሆነች፣ ሮዝ ደወል የመሰለ አበባ በራሷ ላይ ሰብሰብ ያለባት ሌላ ትንሽ ቁጥቋጦ አለች፤ እሷ እርጥብ መሬት ነው የምትወደው። እንደ ጓሳ በጉብታ በጉብታ የሚበቅለውን ሣርም ታገኛለሽ። ጓሳ ላይ ሮጠሽ ስለምታውቂ ከማንም የተሻለ ታልፊዋለሽ፤ ከጉብታ ወደ ጉብታ አትዝለዪ፣ በመካከሉ እርገጪ። ቁርጭምጭሚት የሚወለመው ጉብታው ጫፍ ላይ ነው።

የአጋዘን መንገድ ስታገኚ ተከተዪው። አጋዘን ደረቁን መሬት ያውቃል። ብቻ እሱ የሚሄደው ወደ ራሱ ጉዳይ ነውና በየአምስት ደቂቃው ኮምፓስሽን እዪ።

በምርኩዝ እየነካሽ ሂጂ። የመራመጃ ዱላ ሁለት ግዢ፤ ለጉልበት ብቻ እንዳይመስልሽ። ዱላው ከክንድሽ በላይ ከገባ ዞር በዪ። ብትሰምጪስ? አብዛኛውን ጊዜ እስከ ቁርጭምጭሚት ነው፣ አንዳንዴ እስከ ጉልበት፣ አልፎ አልፎ እስከ ጭን። አትወራጪ። አንድ እግር ለማውጣት በሌላው መርገጥ ያባብሰዋል። ቦርሳሽን አውልቀሽ ከፊትሽ አንጥፊው፣ ዱላዎቹን አግድም አስተኚያቸው፣ በደረትሽ ተኝተሽባቸው እግርሽን ቀስ እያልሽ ሳቢ። ጫማው እንዳይቀር ጣቶችሽን ወደ ላይ ቀስሪ። ባቡሩ በጭራሮ ላይ እንደሚሄደው ነው፤ ክብደትሽን አስፊው።

ከዚህ የሚከፋው ፒቱ በውሃ ተቦርቡሮ ቦይ የሠራበት ቦታ ነው። ጥቁር ግድግዳ፣ አንዳንዱ ከሰው ቁመት የሚበልጥ። ትወርጃለሽ፣ ትወጫለሽ፣ እንደገና ትወርጃለሽ። እኔ እዚያ ነው የተማርኩት። ሞናሊያ የሚባል ሰፊ ገላጣ ተራራ ላይ ብቻዬን ነበርኩ፤ ጉም ወረደ። እያንዳንዱን ቦይ በግራ በኩል እየዞርኩ አለፍኩ፤ በግራ ይቀል ነበር። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ኮምፓሱን ሳየው ሰሜን የመሰለኝ ምሥራቅ ነው። ደነገጥኩ፣ ፈጠን አልኩ፣ ሳላይ ረገጥኩና እስከ ጭኔ ገባሁ። ለመውጣት ሩብ ሰዓት ፈጀብኝ። ከወጣሁ በኋላ ጃኬቴን ልዘጋ ስል ጣቶቼ ዚፑን መያዝ አቃታቸው። ያኔ ነው የፈራሁት። ተመለስኩ፤ ጨለማ ሳይዘኝ ወረድኩ። ከዚያ ወዲህ ጉም ላይ የማደርገው አንድ ነው፤ በኮምፓሱ አቅጣጫ የሚታይ ድንጋይ ወይም ጉብታ እመርጣለሁ፣ እንደምንም ብዬ እሱ ጋ እደርሳለሁ፣ እዚያ ቆሜ ሌላ እመርጣለሁ። አንዱን ቦይ በግራ ካለፍኩ ቀጣዩን በቀኝ።

ስለ ጣት ካነሳሁ አይቀር፣ ይሄን ያዢልኝ። በየሰዓቱ ቆመሽ አውራ ጣትሽን ከትንሿ ጣትሽ ጋር አገናኚ። ካቃተሽ ሰውነትሽ እየቀዘቀዘ ነው። ያኔውኑ ልበሺ፣ ብዪ፣ ወደ ታች ሂጂ። የሰውነት ሙቀት ከ35 ዲግሪ ሲወርድ ሰው ይንተባተባል፣ ይደናቀፋል፣ «ደህና ነኝ» ማለት ያበዛል። ብቻሽን ስትሆኚ የሚያይልሽ የለም። ጣትሽ ግን ይነግርሻል።

ልብስ ላይ አጭር ልሁን። ጥጥ አትልበሺ። ጂንስም፣ የጥጥ ቲሸርትም፣ ከእናትሽ የተላከልሽ ጋቢም ቤት ይቅር። ጥጥ ከረጠበ ሙቀትሽን ይጠጣዋል። ሱፍ ግን እርጥብ ሆኖም ያሞቃል። ይሄን ለመንዝ ሰው ማስረዳት አያስፈልገኝም፤ አያቶችሽ በርኖስና ባና የለበሱት ያለ ምክንያት አይደለም። የሱፍ ካልሲ ሁለት ጥንድ፣ ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ የውስጥ ሹራብ፣ ከላይ ውሃ የማያስገባ ጃኬትና ሱሪ። ሱሪውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ኮፍያና ጓንት በጁላይም ያዢ። ጫማሽ ቁርጭምጭሚት ይሸፍን፤ ከጫማ እስከ ጉልበት የሚታሠረው ጌተር ካገኘሽ ፒቱ በላይ በኩል አይገባብሽም። እግርሽ ግን ይረጥባል። ይሄን ቀድመሽ ተቀበዪው። እርጥብ እግር ሲንቀሳቀስ ይሞቃል፤ ደረቁ ካልሲ ለባቡሩ ይቆይ።

ለምግብ ቆሎና በሶ ያዢ። ይሄን የምለው ለናፍቆት ብዬ አይደለም፤ ቆሎ አይረጥብም፣ አይጨፈለቅም፣ እየሄድሽ ከኪስሽ ትቆረጥሚዋለሽ። በሶውን በማር ለውሰሽ በላስቲክ ጠቅልዪው። ሻይ በፔርሙዝ፣ ስኳሩ በዛ ይበል።

አሁን ሰዓት። ዙሩ ወደ 22 ኪሎ ሜትር ነው፤ የምትወጪው ከፍታ በድምሩ ወደ 850 ሜትር። ኔይስሚዝ የሚባል ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣው ስሌት አለ፤ ለ5 ኪሎ ሜትር 1 ሰዓት፣ ለእያንዳንዱ 600 ሜትር ዳገት ተጨማሪ 1 ሰዓት። በዚያ ስሌት 6 ሰዓት አይሞላም። ግን ስሌቱ ደረቅ መሬት ላይ ሳትቆሚ ብትሄጂ ነው። ለረግረጉ፣ ለምሳውና ካርታ ለማየት ጨምሪበት፤ 8 ሰዓት ያዢ። የአገራችን ሰው ዳገቱን ቶሎ ይወጣል፤ ሰዓት የሚጠፋው ሜዳ በሚመስለው ላይ ነው።

ኮሩር የሚቆሙት ባቡሮች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው፣ እሑድ ደግሞ ያንሳሉ። ስለዚህ መጀመሪያ የመመለሻውን ሰዓት እዪ፣ ከዚያ ወደ ኋላ ቁጠሪ። በመውጫና በመመለሻ መካከል 9 ሰዓት ካላገኘሽ ዙሩን በአንድ ቀን አትሞክሪው። ከኮሩር 1 ማይል ገደማ ሎክ ኦሲያን ሐይቅ ዳር የወጣቶች ማደሪያ አለ፤ በሞቃቱ ወራት ክፍት ነው። አልጋ ካገኘሽ እዚያ እደሪ። የእረፍት ቀንሽን ሁለት ማድረግ ከቻልሽ እኔ የምመርጥልሽ ይሄን ነው። ባቡር ለመድረስ ረግረግ ላይ የሚሮጥ ሰው ነው እግሩን የሚሰብረው።

አንድ የባቡር ነገር፦ ከግላስጎ ኩዊን ስትሪት ስትሳፈሪ የትኛው ፉርጎ ላይ እንደተቀመጥሽ ጠይቂ። ባቡሩ ክሪያንላሪክ ላይ ለሁለት የሚከፈልበት ጊዜ አለ፤ አንዱ ወደ ኦባን፣ አንዱ ወደ ፎርት ዊልያም። አንቺ የፎርት ዊልያሙን ነሽ።

መንገዱ እንዲህ ነው። ከጣቢያው በጥርጊያው ወደ ሐይቁ። ሐይቁ ጋ ስትደርሺ በደቡብ በኩል ወደ ራኖክ የሚሄደው አሮጌ መንገድ ሽቅብ ይወጣል፤ እሱን ትይዣለሽ። ከዚያ መንገዱን ትተሽ በግራ ሸንተረሩን ወጥተሽ ሚዬል ና ሊስ በሚባለው ጉብታ አድርገሽ ካርን ዴርግ። ዴርግ በጌሊክ፣ በተራራው አገር በጥንቱ ቋንቋ፣ ቀይ ማለት ነው። ከዚያ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ወርደሽ ማም ባን የሚባል ሰፊ ኮርቻ ታገኛለሽ። የዚህ ዓይነቱን ቦታ ጌሊኮች ቢያላክ ይሉታል፤ እኛ ጣርማ በር ስንል «በር» እንደምንለው። ከበሩ ሽቅብ ስጎር ጋይብሬ፣ የፍየል ጫፍ። ከዚያ ወደ ሰሜን ስጎር ቾይኒክ በሚባለው ጫፍ አልፈሽ ወደ ሐይቁ ምሥራቅ ጫፍ ትወርጃለሽ። በሐይቁ ደቡብ ዳር ባለው ሰፊ ጥርጊያ ወደ ጣቢያው ትመለሻለሽ። ያ መጨረሻው መንገድ ረጅም ነው፣ ግን ዓይንሽን ጨፍነሽ ትሄጂበታለሽ።

አሁን ውሳኔዎቹን ወረቀት ላይ ጻፊ፤ ተራራው ላይ ሆነሽ አዲስ ውሳኔ አትፍጠሪ። ጣቢያው ላይ ስትወርጂ ጉሙ እስከ ሐይቁ ወርዶ ከሆነ፣ ተራራውን ተይና ሐይቁን ዙሪ። እውነት የምልሽ፣ እሱም ውብ ቀን ነው። ከጣቢያው በተነሣሽ በ3 ሰዓት ተኩል ካርን ዴርግ ካልደረስሽ፣ ከዚያው ተመለሺ። ማም ባን ላይ ወርደሽ የፍየሉን ጫፍ ጉም ከበላው፣ ወይም ነፋሱ ሚዛንሽን ካሳተሽ፣ ወደ ካርን ዴርግ ተመልሰሽ በመጣሽበት ውረጂ። የምታውቂው መንገድ ሁሌም ያጥራል። የተራራ አየር ትንበያ ኤምዊስ የሚባል ድርጅት በነፃ ያወጣል፤ ከዋዜማው ማታ እዪው። የጫፉ ነፋስ በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር ከሆነ ቤትሽ ዋዪ። ተራራው የትም አይሄድም።

ጅረት በዶፍ ከሞላ አትሻገሪ። እዚህ ጅረት ቶሎ ይሞላል፣ ቶሎም ይጎድላል። ተቀምጠሽ መጠበቅ ወይም ዞረሽ መሄድ ይሻላል። በዚህ አገር ተራራ ላይ ውሃ ከማጥ የበለጠ ሰው ይወስዳል።

ስልክ ብዙ ቦታ አይሠራም። ከመሄድሽ በፊት በእንግሊዝኛ «ሬጂስተር» የሚለውን ቃል ጽፈሽ ወደ 999 ላኪ፣ የሚመጣልሽን መልስ ተከተዪ። ለጥሪ የማይበቃ ሲግናል ለመልእክት ሊበቃ ይችላል። አደጋ ቢደርስ 999 ደውለሽ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ቀጥለሽ ማውንቴን ሬስኪው (የተራራ አደጋ አዳኞች) በዪ። የሚመጡት በጎ ፈቃደኞች ናቸው፤ ገንዘብ አይጠይቁሽም። የመኖሪያ ወረቀት ጉዳይ አስጨንቆት ለመደወል ያመነታ ወገን አግኝቻለሁና ደግሜ እላለሁ፤ ደውዪ። ፊሽካም ያዢ፤ በደቂቃ 6 ጊዜ ንፊ፣ 1 ደቂቃ ጠብቂ፣ ድገሚ። ጥቂት ፓውንድ የሚያወጣ ብርቱካናማ የፕላስቲክ ከረጢት አለ፤ እስከ አንገትሽ ገብተሽ ትቀመጪበታለሽ። ቀንሽ ረጅም ቢሆንም የራስ ባትሪ ያዢ። ካርታውን ስልክሽ ላይ አውርጂ፣ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚያትመውን የወረቀት ካርታም ግዢ። ስልክ እርጥብና ብርድ አይወድም።

አንድ የምታምኚው ሰው ደግሞ ወረቀት ይያዝልሽ። የት እንደምትወጪ፣ በየት እንደምትወርጂ፣ በየትኛው ባቡር እንደምትመለሺ፣ በስንት ሰዓት ካልደወልሽ ለፖሊስ እንደሚደውል። «ተራራ ሄዳለች» ብቻ አይበቃም። ስትመለሺ ደግሞ እንዳትረሺ፤ ዝም ብለሽ ከተኛሽ ሰው በጨለማ ይፈልግሻል።

ትንንሾቹ ነገሮች፦ ጁላይ ላይ ሚጅ የምትባል ደቃቅ ትንኝ አለች። ነፋስ ሲቆም ትመጣለች፤ ፊት ላይ የሚጠለቅ መረብ ያዢ። መዥገርም አለ። ማታ ሰውነትሽን ፈትሺ፣ ከቆዳሽ ጋር አስጠግተሽ በመንቀያ ንቀዪው። በሚቀጥሉት ሳምንታት ዙሪያውን እየሰፋ የሚሄድ ቀይ ነገር ካየሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ፤ ላይም የሚባለውን በሽታ ያመጣል። «የማን መሬት ላይ ነሽ» የሚልሽ ይኖራል ብለሽ አትስጊ፤ በስኮትላንድ ከ2003ቱ የመሬት ሕግ ወዲህ በኃላፊነት እስከሄድሽ ድረስ የመራመድ መብት አለሽ። ከኦገስት እስከ ኦክቶበር ግን የአጋዘን አደን ስለሚበዛ በዚያ ወቅት ብትሄጂ ቀድመሽ ጠይቂ። ብቻዋን የምትሄድ ሴት ማየት እዚህ ለማንም አዲስ አይደለም።

አሁን የእኔን ምክር ስሚ። ሁለቱን ተራራ ለሁለተኛ ጊዜ አቆዪያቸው። መጀመሪያ እዚያው ኮሩር ወርደሽ ከሐይቁ ሰሜን ያለውን ቤን ና ላፕን ውጪ። 935 ሜትር ነው። ደርሶ መልሱ 10 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ቢበዛ 5 ሰዓት። ረግረጉን ታውቂዋለሽ፣ ጫማሽን ትፈትሺዋለሽ፣ ባቡሩን ትለምጂዋለሽ። ከጫፉ ሐይቁን ተሻግሮ ካርን ዴርግና ስጎር ጋይብሬ ፊት ለፊት ይታዩሻል። ካርታውን ዘርግተሽ መውጫውንና መውረጃውን በዓይንሽ ሂጂበት፤ ያ እኔ በቃል ከምነግርሽ ይበልጣል።

ቀኑን ስትቆርጪ የባቡሩን ሰዓትና የዋዜማውን የነፋስ ትንበያ ላኪልኝ። አብረን እናየዋለን።